«አዲስ ሐኪሞቻችንን ይተዋወቁ» የሚለው ወረቀት

ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ከአካባቢያችን ሆስፒታል አንድ ወረቀት በፖስታ ይመጣል። ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ ፈገግ ያሉ ሰዎች ፎቶ ተደርድሮበታል፤ ከላዩ «አዲስ ሐኪሞቻችንን ይተዋወቁ» ይላል። ጀርባው ላይ ስለ ጉንፋን ክትባት፣ ስለ ጡት ምርመራ፣ ስለ ስኳር ሕመም ትምህርት ተጽፏል። አብዛኞቻችን ከፒዛ ማስታወቂያው ጋር አንድ ላይ ጠቅልለን ነው የምንጥለው። እኔም ለዓመታት ስጥል ኖሬያለሁ።

ወረቀቱ በዚያ ሰሞን የሚመጣው በአጋጣሚ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ሬዚደንሲ የሚባለው የሐኪሞች ሥልጠና በአብዛኛው የሚያልቀው በጁን መጨረሻ ነው። ሥልጠናቸውን የጨረሱት ሐኪሞች ፈቃዳቸውን አውጥተው፣ ዕቃቸውን ጭነው፣ ቤት ተከራይተው ሥራ እስኪጀምሩ በጋው ያልቃል። ታዲያ ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ነባሩ ሐኪም መዝገቡ ሞልቶ «አዲስ ታካሚ አልቀበልም» ሲል፣ አዲሱ ሐኪም ገና ታካሚ የለውም። ለወራት የሚያስጠብቀው ቀጠሮ በእሱ ዘንድ በሳምንታት ሊገኝ ይችላል። ይህ ዕድል ብዙ አይቆይም፤ ዓመት ሳይሞላው የእሱም መዝገብ ይሞላል።

ፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ ግን አስተውሎ ማንበብ ያስፈልጋል። «ፋሚሊ ሜዲስን» የሚለው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉንም ያያል፤ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ሐኪም ዘንድ መሄድ ከፈለገ የሚሻለው እሱ ነው። «ኢንተርናል ሜዲስን» የአዋቂዎች ሐኪም ነው። «ሆስፒታሊስት» የሚለው ደግሞ ተኝተው የሚታከሙትን ብቻ ስለሚያይ ቀጠሮ አይያዝለትም። ከስም በኋላ ኤም.ዲ. ወይም ዲ.ኦ. የሚሉ ፊደላት ይኖራሉ፤ ሁለቱም ሙሉ ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች ናቸው። ኤን.ፒ. ከፍተኛ ሥልጠና ያላት ነርስ ናት፤ መርምራ መድኃኒት ታዝዛለች፣ እንደ ዋና ሐኪም ተቀብላ የምትከታተልም ብዙ ናት።

ሌላው ዓይን የሚስበው የሐኪሞቹ ስም ነው። የሕንድ፣ የፓኪስታን፣ የናይጄሪያ፣ አንዳንዴም የእኛው አገር ስም ይገኝበታል። በአሜሪካ ከሚሠሩ ሐኪሞች ከአራቱ አንዱ ገደማ ሕክምናን የተማረው ከዚህ አገር ውጭ ነው። ትንንሽ ከተሞች ውስጥ በብዛት እንድናያቸው ያደረገው ደግሞ አንድ ሕግ ነው። ጄ-1 በሚባለው ቪዛ ገብቶ የሠለጠነ ሐኪም ሥልጠናውን ሲጨርስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ መመለስ ይጠበቅበታል። የሰሜን ዳኮታው ሴናተር ኬንት ኮንራድ አመንጭተውት በ1994 የወጣው ሕግ ግን፣ ሐኪም በጠፋበት አካባቢ ሦስት ዓመት ለማገልገል ከፈረመ ይህ ግዴታ እንዲነሳለት ይፈቅዳል። እያንዳንዱ ስቴት በዓመት 30 ሐኪሞችን በዚህ መንገድ ማስቀረት ይችላል። «የውጭ ሐኪም ነው፣ አነጋገሩ አይገባኝም» ብሎ የሚሸሽ የአገር ልጅ ሲገጥመኝ ይገርመኛል፤ የእኛስ አነጋገር ለማን ገብቶት ነው? ሐኪሙም የወሰደው የአሜሪካኖቹን ፈተና ነው፤ ሬዚደንሲውንም የጨረሰው እዚሁ ነው።

እኔን ይህን ወረቀት ማንበብ ያስጀመረችኝ እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ስትጀምር ሐኪም ያገኘንላት ከሁለት ወር በላይ ጠብቀን ነበር። የቀጠሮው ቀን እኔ ፈረቃ ነበረብኝ። ባለቤቴ ታናሹን ልጅ ይዞ ውጭ ሲጠብቅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ከአያቷ ጋር ገባች። እንግሊዝኛዋ ከሁላችንም ይሻላል ብለን ነው። ሐኪሙ ጠየቀ፣ ልጄ ተረጎመች። ጉልበት፣ ደም ግፊት፣ እንቅልፍ። እናቴ ስትመለስ «ደህና ነኝ፤ ሰውዬውም ጨዋ ነው» አለችኝ፤ በዚያው አለፈ።

ከስምንት ወር በኋላ ሐኪሙ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ያኔ ነው ከወረቀቱ ላይ አንዲት አዲስ የቤተሰብ ሐኪም የመረጥነው። ቀጠሮ ለመያዝ ስደውል «የታካሚዋ ቋንቋ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ አማርኛ አልኩ። በቀጠሮው ዕለት ሐኪሟ ልጄን በትሕትና ከክፍሉ አስወጣቻት፤ አማርኛ የምትናገር አስተርጓሚም በስልክ ገባች። እናቴ ካረጠች ከብዙ ዓመት በኋላ ደም ይታያት እንደነበር የተናገረችው ያን ቀን ነው። በልጅ ልጇ አፍ፣ ለማታውቀው ወንድ እንዲህ ያለ ነገር ማስነገር ለእሷ የሚታሰብ አልነበረም። እኔ ራሴ፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን፣ አልሰማሁም።

ሴት ካረጠች በኋላ የሚታይ ደም ጠብታም ቢሆን ሳይመረመር መታለፍ የለበትም፤ የማሕፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። የእናቴ ፖሊፕ ሆኖ ተገኘና ወጣላት። ያቺን ስምንት ወር ሳስብ ግን አሁንም እበግናለሁ፤ በሐኪሙ ሳይሆን በራሴ።

ምክንያቱም መብቱ ድሮም ነበረን። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 በወጣው፣ ኦባማ ኬር በምንለው የጤና ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የፌዴራል ገንዘብ ስለሆኑ ይህን የማይቀበል ሆስፒታል ማግኘት ያስቸግራል። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎም፣ አስተርጓሚ እስኪገኝ ሊጠበቅ የማይችል ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር፣ አይፈቀድም። ቀጠሮ ስትይዙ ቋንቋችሁን በመዝገባችሁ ላይ እንዲጽፉት ጠይቁ። ሴት አስተርጓሚ ከፈለጋችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ይህ ጉዳይ የዋሽንግተንና የሚኒያፖሊስ ብቻ አይደለም። ሥራ ፍለጋ ወደ ትንንሽ ከተሞች የሄደው ወገናችን ብዙ ነው። በደቡብ ዳኮታ የምትገኘውን ሱ ፎልስን ውሰዱ። ሳንፎርድና አቬራ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ የሆስፒታል ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያ ነው፤ በዙሪያው ባሉ ገጠራማ ስቴቶችም ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አሏቸው። በኤፕሪል 2020 የከተማዋ የስሚዝፊልድ ሥጋ ማቀነባበሪያ በኮቪድ ሲመታ ለምርመራ የሄዱት የሲዲሲ ባለሙያዎች፣ ሠራተኞቹ 40 ያህል ቋንቋዎች እንደሚናገሩ ጽፈዋል። በብዛት ከሚነገሩት አሥሩ ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ይገኙበታል። የጥንቃቄ ምልክቶቹ በእነዚህ ቋንቋዎች፣ በሥዕልም ጭምር እንዲሆኑ መክረዋል። በእንዲህ ያለ ከተማ «አማርኛ» ብሎ ማስመዝገብ የራስን ቀጠሮ ከማቃናት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ሆስፒታሉ ስንት እንደሆንን የሚያውቀው ከመዝገቡ ነው።

ቁጥራችን ደግሞ በሕግ ይቆጠራል። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል፣ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው እንደዚያ ነው፣ በየሦስት ዓመቱ የአካባቢውን የጤና ችግር አጥንቶ ይፋ ማድረግ፣ ለጥናቱም የነዋሪውን አስተያየት መስማት አለበት። መክፈል ለማይችል ሰው የሚሰጠውን እርዳታም በጽሑፍ ማውጣት ግዴታው ነው። እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች 1,000 ከደረሱ ወይም ከሚያገለግለው ሕዝብ 5 በመቶ ከሆኑ፣ ከሁለቱ ባነሰው ቁጥር፣ ያ ጽሑፍ በቋንቋቸው መተርጎም አለበት። ትልቅ ቢል የመጣበት ሰውም ወዲያው ክሬዲት ካርዱን አያውጣ፤ ከሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከ እስከ 240 ቀን ድረስ ለዚህ እርዳታ ማመልከት ይቻላል።

የወረቀቱን ጀርባም አትዝለሉት። ከዕድሜያችን ጋር የተለወጡ ነገሮች አሉ። የአንጀት ካንሰር ምርመራ ከ2021 ጀምሮ ከ45 ዓመት እንዲጀመር ይመከራል፤ ቀድሞ 50 ነበር። የጡት ምርመራ ከ2024 ወዲህ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ሆኗል። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ነው። አገራችን ውስጥ የተስፋፋ ስለሆነ፣ ለዓመታት ሳይታወቅም ስለሚኖር፣ እዚያ የተወለደ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል። ሲዲሲ በ2023 ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመርመር ብሏል። የደም ምርመራ ነው፤ በተለመደው ምርመራ ውስጥ ላይካተት ስለሚችል ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ከመደወላችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁ ያን ሐኪም እንደሚቀበል አረጋግጡ፤ ክሊኒኩን ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንሱንም ጠይቁ። አንድ ክሊኒክ ሳትሄዱ ሦስት ዓመት ካለፋችሁ እንደ አዲስ ታካሚ ነው የምትቆጠሩት። «እኔማ ሐኪም አለኝ» የምትሉ መጨረሻ የሄዳችሁበትን ቀን አስታውሱ።

እናቴ በመጪው ወር ቀጠሮ አላት። የሐኪሟ የሦስት ዓመት ውል እንዳያልቅ ፈርታ «ትሄዳለች ወይስ ትቆያለች?» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ይህን ጥያቄ በአስተርጓሚዋ በኩል ራሷ እንድትጠይቃት ነግሬያታለሁ።