በተማሪዎች እጅ ስለ ተሠሩ ሳተላይቶችና በራዲዮ ስለሚሰማው ድምፃቸው

በምዕራብ ሐረርጌ በመሰላ፥ ሰማዩ በጠራ ምሽት፥ ፀሐይ ከጠለቀች ጥቂት ቆይቶ፥ ሳይርገበገብ ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፍ ኮከብ የሚመስል ነገር አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ይህ ኮከብ አይደለም፤ ሰው ሠርቶ ወደ ላይ የሰደደው፥ ምድርን እንደ ጨረቃ የሚዞር መሣሪያ ነው። ቀድሞ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ይባል ነበር፤ ዛሬ ሳተላይት ይሉታል። ልጆች ስለዚህ ነገር መምህራቸውን በጠየቁ ጊዜ፥ የታላላቅ መንግሥታት ሥራ ብቻ ነው ብሎ መመለስ ትክክል አይደለም። ከእነዚህ አያሌዎቹን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእጃቸው ሠርተዋቸዋል፤ ድምፃቸውም በምስጢር የተዘጋ ስላልኾነ፥ ተስማሚ መቀበያ ያለው ኹሉ በደጁ ቆሞ ሊሰማው ይችላል።

ለዚህ በር የከፈተው አማተር ራዲዮ የሚባለው ሥራ ነው። አማተር ማለት ለገንዘብ ሳይኾን ለዕውቀት ፍቅር የሚደክም ማለት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከመንግሥታቸው ፈቃድና የመጥሪያ ስም ተቀብለው፥ በተመደበላቸው የራዲዮ ሞገድ ከሩቅ አገር ሰው ጋራ ይነጋገራሉ። የኢትዮጵያ የመጥሪያ ስም ኢቲ ብሎ ይዠምራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የአማተሮች ማኅበር ጣቢያም ኢቲ3ኤኤ ተብሎ ይጠራል። የአማተሮች የመዠመሪያዋ ሳተላይት ኦስካር 1 ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. ወጣች፤ ሦስት ሳምንት ያህልም በሞርስ ፊደል አጭር ሰላምታ ስታሰማ ቆየች።

ለመምህር ከኹሉ ይልቅ የምትጠቅመው ምሳሌ ግን በአውስትራልያ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት ኦስካር 5 ናት። ክብደቷ 18 ኪሎ ያህል ነበር። አንቴናዋን ከብረት ሜትር፥ አናጢ ከሚለካበት ከዚያው፥ ቆርጠው አበጁት፤ ይህ ብረት ሲያጥፉት ይታጠፋል፥ ሲለቁት ራሱ ይቃናልና፥ ከሮኬቱ በተለየች ጊዜ ያለ ሌላ ዘዴ ተዘረጋ። በሰማይ እንዳትገለባበጥም ማግኔት አኖሩባት፤ የኮምፓስ መርፌ ወደ ሰሜን እንደሚዞር፥ እርሷም የምድርን ማግኔታዊ ኃይል ተከትላ እንድትረጋ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚወስዳት ሮኬት እስኪገኝ ከኹለት ዓመት በላይ ተቀመጠች፤ ከሠሪዎቿ ይህን የመሰለ ትዕግሥት መፈለጉ ለተማሪ ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ጥር 15 ቀን 1962 ዓ.ም. ከአሜሪካ የአየር ጠባይ ሳተላይት ጋራ ተጭና ወጣች። የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰሌዳ አልነበራትምና፥ ባትሪዋ እስኪያልቅ አንድ ወር ተኩል ያህል፥ ሙቀቷንና የባትሪዋን ጉልበት በድምፅ መቅጠንና መወፈር ትናገር ነበር። በልዩ ልዩ አገር ያሉ አማተሮች ድምፁን እየለኩ ወደ ሜልቦርን ላኩ። ያለ እነርሱ ተማሪዎቹ ሳተላይቷ ከራሳቸው ሰማይ ከራቀች በኋላ የኾነችውን ባላወቁም ነበር።

በአፍሪቃም የደቡብ አፍሪቃው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የሠራት ሰንሳት የካቲት 16 ቀን 1991 ዓ.ም. የአማተር ራዲዮ ይዛ ወጣች። በጎረቤት አገር በኬንያ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በኢጣልያ ዩኒቨርሲቲ እየተረዳ ያዘጋጃት ሳተላይት፥ በየጎኗ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የኾነች ሳጥን፥ ግንቦት 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተለቀቀች። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያስወጣቻት ኢቲአርኤስኤስ 1 ግን 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን፥ ለእርሻና ለአየር ጠባይ ጥናት መሬትን ፎቶግራፍ እንድታነሣ የተሠራች ነበረች። መልእክቷም በእንጦጦ ተራራ ላይ ላለው ጣቢያ እንጂ ለተራ መቀበያ የሚኾን አልነበረም። መምህሩ ይህን ልዩነት ለይቶ ያስረዳ።

በመሰላ ወይም በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ያለ ትምህርት ቤት ለማድመጥ ቢያስብ፥ ገንዘብ የሚያዋጡት ሽማግሌዎች አስቀድመው ይህን ይወቁ። በየቤቱ ያለው የኤፍኤም ራዲዮ ከ108 ሜጋኸርዝ አያልፍምና አይሰማውም፤ እስከ 145 የሚደርስ መቀበያ ያስፈልጋል፤ በኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያም ይበቃል። አንቴናውን ግን ልጆቹ ያበጁታል። 300 ለሜጋኸርዙ ቍጥር ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይወጣል፤ ለ145 ኹለት ሜትር ከጥቂት ነው፤ የዚህ ሩብ፥ ይኸውም ግማሽ ሜትር ያህል የብረት ዘንግ፥ ለመዠመሪያ ይበቃል። ያለ ፈቃድ በራዲዮ መናገር ክልክል መኾኑንም ልጆቹ ይወቁ።

በጠፈር ጣቢያው ያለው የአማተር ራዲዮ በሚናገርበት ጊዜ ድምፁ በ145.800 ሜጋኸርዝ ይሰማል። ጣቢያው ከምድር በላይ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከጭሮ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድም ከ300 በላይ ነውና፥ የሚያስቸግረው ርቀቱ ሳይኾን ፍጥነቱ ነው። ምድርን በ92 ደቂቃ ያህል ይዞራል፤ ከአድማስ በላይ የሚቆየው ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው፤ የጨርጨር ተራሮች በሚጋርዱበት ስፍራ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ በጉብታ ላይ ቆሞ፥ አስቀድሞ በሒሳብ የታወቀውን የማለፊያ ሰዓት መጠበቅ ይገባል።

በሚኤሶ የሚያልፍ ባቡር ሲመጣ ፉጨቱ እንደሚቀጥን፥ ሲርቅም እንደሚወፍር፥ የሳተላይትም ሞገድ ሲቀርብ በሴኮንድ 3 ሺሕ ያህል ንዝረት ከፍ ይላል፥ ሲሄድም ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። አንዱ ተማሪ ሰዓቱን፥ ሌላው በመቀበያው ላይ የሚታየውን ቍጥር በየደቂቃው ይጻፍ። ለውጡ እጅግ የፈጠነበት ደቂቃ ሳተላይቱ ለትምህርት ቤቱ የቀረበበት ደቂቃ ነው።