ሁዋጂያው ቁንዶ በርበሬ አይደለም

የቻይናዋ ሲቹዋን ግዛት ምግብ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማቃጠሉ ነው። ማቃጠሉ የበርበሬ ሥራ ነው፤ በርበሬ ደግሞ ለቻይናም እንደ እኛው ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው፤ እዚያ የደረሰው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። የቤቱ ባለቤት አፍ የሚያደነዝዘው ቅመም፣ ሁዋጂያው ነው። በሃን ነገሥታት ዘመን የእቴጌዋ ክፍል ግድግዳ ሁዋጂያው በገባበት ጭቃ ይመረግ ነበር።

የአገሩ ሰዎች ማደንዘዙን «ማ»፣ ማቃጠሉን «ላ» ይሉታል። ሁለቱ ሲገናኙ «ማላ» ይሆናል። የሁናን ግዛት ግን «ላ»ውን ብቻ ይወዳል።

«የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ» የሚለውን ስም ስሰማ እናደዳለሁ። ሁዋጂያው ከቁንዶ በርበሬ ጋር ዝምድና የለውም፤ የሎሚ፣ የብርቱካንና የጤና አዳም ወገን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2005 እንዳይገባ የከለከለችውም የሎሚና የብርቱካን ተክሎችን በሽታ ይዞ ይመጣል ብላ ፈርታ ነው። ያላመናችሁ አንዷን ቀይ ቅርፊት በፊት ጥርሳችሁ ንከሷት። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ ሽታ አፍንጫችሁን ይሞላዋል። ጥቂት ቆይቶ ምራቅ ይግተለተላል፤ ከዚያ ከንፈር መንዘር ይጀምራል። የባትሪ ድንጋይ በምላሱ የሞከረ ያውቀዋል። ይህ ጣዕም አይደለም፣ ንክኪ ነው። ሳንሹል የተባለው ንጥረ ነገር ንዝረትን የሚለዩትን ነርቮች ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደን ተመራማሪዎች ዱቄቱን በሰዎች ከንፈር ላይ ቀብተው፣ ስሜቱን ጣት ላይ ከሚነዝር መሣሪያ ጋር ሲያስተያዩት በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ሆኖ አገኙት። ምንም ነገር ሳይንቀሳቀስ ከንፈር የሚንቀጠቀጥ ይመስላል!

ጥቁሯን ፍሬ ግን ጣሏት። የሚበላው ቅርፊቱ ነው፤ ፍሬዋ ጥርስ ላይ አሸዋ ናት። መጀመሪያ የገዛሁት ከረጢት ግማሹ ፍሬ ነበር፤ ነጋዴው ሳይለቅም ነው የሸጠልኝ፣ እኔም ለቅሜ ለመጣል አንድ ከሰዓት ፈጀብኝ። የተፈጨውንም አትግዙ፤ ሽታው ቶሎ ይጠፋል። ቅርፊቱን በለስላሳ እሳት፣ ሽታው እስኪነሳ ብቻ አመስ አድርጉት፤ ካረረ ይመራል። በሙቀጫ ወቅጣችሁ፣ ማፖ ዶፉ የተባለው የቼንግዱ የቶፉ ወጥ ከእሳት ሲወርድ በላዩ ነስንሱት። የዛሬውን ዛሬ ውቀጡ፤ ለነገ አታሳድሩ።