የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አመሠራረት

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ለወንዶች የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሥራ መጀመሩ ሲታሰብ፣ ልጃገረዶች ተራቸው እስኪደርስ 23 ዓመት ጠብቀዋል።

መሥራቿ እቴጌ መነን አስፋው ትምህርት ቤቱ አዳሪዎችንም ተመላላሾችንም እንዲቀበል አድርገዋል። ዋናው ቁም ነገር አዳሪነቱ ነው፤ ማደሪያ ባይኖር ኖሮ ዕድሉ ወላጆቻቸው በመዲናዋ ለሚኖሩ ብቻ በተወሰነ ነበር።

የጣሊያን ወረራ ያቋረጠው ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ1941ዱ ነፃነት በኋላ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ሆኑ። በስዊዘርላንድ የተማሩትና በወረራው ዘመን ጣሊያን አገር በአዚናራ ደሴት የታሰሩት እኚህ አርበኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1957ቱ ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴትም ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ «የካቲት 12» ተባለ፤ ወንዶችም ገቡበት። አዲሱ ስም እ.ኤ.አ. በ1937 በከተማዋ የተጨፈጨፉትን የሚዘክር በመሆኑ የሚነቀፍ አልነበረም፤ የልጃገረዶች ብቻ መሆኑ ግን አብሮ ቀረ። በቅርብ ዓመታት የከተማ አስተዳደሩ የቀድሞውን ስም መልሶ እንደገና የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አድርጎታል።