“ሰባት ወልጄ ምንም አልሆንኩም”፦ ስጋት ያለበት እርግዝናና ቤት ውስጥ መውለድ

እስቲ ይህን አስቡ። ታላቅ እህታችሁ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች። የመጀመሪያውን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነበር። አሁን ግን “ሆስፒታል በቃኝ፤ እናቴ ቤት ነው የምወልደው” እያለች ነው። አክስታችሁ ቡና እየቀዱ “ምን አለበት? እኔ ሰባቱንም ቤቴ ወልጄ ምንም አልሆንኩም” ይላሉ። ክትትል የምታደርግላት ነርስ ደግሞ “አንቺ ስጋት ስላለብሽ ሆስፒታል ነው መውለድ ያለብሽ” ብላታለች። ማን ነው ትክክል?

አክስታችሁ አልዋሹም። ነርሷም አልተሳሳተችም። ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

በሕክምና ቋንቋ “ስጋት አለ” ሲባል መጥፎ ነገር ይደርሳል ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን ከወለዱ በኋላ በምጥ ለመውለድ የሚሞክሩ 200 እናቶችን ብንወስድ፣ የድሮው ጠባሳ ተቀዶ ማህፀኗ የሚተረተረው የአንዷ ያህል ነው። (ይህ ቁጥር የሚሠራው ማህፀኑ ታችኛው ክፍል ላይ አግድም ከተቀደደ ነው። ወደ ላይ የተቀደደ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ቆዳ ላይ የሚታየው ጠባሳ ደግሞ ውስጥ ያለው በየት በኩል እንደሆነ አይናገርም። ለዚህ ነው የድሮው የሕክምና ካርድ መጥፋት የሌለበት።)

አንድ ከ200። የሌሎቹ 199 ጠባሳ አይቀደድም፤ ቤታቸው ቢወልዱና “ምንም አልሆንኩም” ቢሉም እውነታቸውን ነው። የአንዷ ታሪክ ግን ቡና ላይ ላይነሳ ይችላል፤ ተናጋሪዋ በሕይወት ላትኖር ትችላለችና። በተረፉ ሰዎች ምስክርነት ብቻ አደጋን ስንለካ ሁልጊዜ ከእውነቱ ያነሰ ይመስለናል። እንዲያውም ብዙ የሕክምና መመሪያዎች አምስትና ከዚያ በላይ መውለድን ራሱን እንደ ስጋት ይቆጥሩታል። አክስታችሁ ሰባተኛውን ሲወልዱ ልምዳቸው ጨምሮ ነበር፤ ስጋቱም እንደዚያው።

እንግዲህ “የመድረስ ዕድሉ ስንት ነው?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ከደረሰስ ስንት ሰዓት አለን? በእናቶች ጤና ሙያ ውስጥ ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረ ግምት አለ። ሕክምና ካልተገኘ፣ ችግሩ ከጀመረ አንስቶ እናቲቱ እስክትሞት ያለው ጊዜ በአማካይ ለኢንፌክሽን 6 ቀን፣ ምጥ ጠንቶ ልጁ መውጣት ካቃተው 3 ቀን፣ በደም ግፊት ምክንያት ለሚመጣው መንቀጥቀጥ 2 ቀን፣ ለማህፀን መተርተር 1 ቀን ነው። ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም ግን 2 ሰዓት ብቻ። አማካይ መሆኑን አትርሱ፤ ማህፀን ሲተረተር እናቲቱ ቀን ቢኖራትም ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ ያለው ደቂቃ ነው።

ደም መፍሰስ ለምን እንዲህ ይፈጥናል? በእርግዝና መጨረሻ አካባቢ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ነው። ትንሿን ሃይላንድ በየደቂቃው እየሞላችሁ እንደምትደፉ አስቡት። ልጁ ተወልዶ እንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ ሳህን የሚያህል ቁስል ክፍት ሆኖ ይቀራል። ታዲያ እናቶች ሁሉ ለምን አይሞቱም? መልሱ ያለው ማህፀኑ ጡንቻ ውስጥ ነው። የጡንቻው ክሮች በደም ስሮቹ ዙሪያ እንደ መረብ የተጠላለፉ ናቸው። ማህፀኑ ሲኮማተር እያንዳንዱን ስር እንደ ቋጠሮ ያንቀዋል፤ ደሙም ይቆማል። ተፈጥሮ ከሠራቻቸው ነገሮች እኔን በጣም ከሚያስደንቁኝ አንዱ ይኸው ነው።

ግን መንታ የያዘ ማህፀን ከመጠን በላይ ተለጥጧል። ብዙ ሰዓት ያማጠ ማህፀን ደክሟል። እንደ ረገበ ላስቲክ ቶሎ አይሰበሰብም፤ ቋጠሮው ይላላል። ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ ጡንቻው እንዲኮማተር ያዘዋል። ችግሩ መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ ፍሪጅ ይፈልጋል። ብትወዱም ባትወዱም ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ከሚፈሳቸው እናቶች አብዛኞቹ አስቀድሞ ምንም የሚታወቅ ስጋት አልነበረባቸውም። ስጋት ያለባት እናት ከዚህ የጋራ አደጋ ላይ ነው የራሷን የምትጨምረው።

“እንግሊዝ አገር እኮ ቤት መውለድ ይፈቀዳል!” የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ትልቅ ጥናት እንግሊዝ ውስጥ ከ64,000 በላይ እናቶችን ተከታትሏል። ከዚህ በፊት የወለዱ እናቶች ቤት ለመውለድ ሲያቅዱ በልጆቻቸው ላይ የተጨመረ ጉዳት አልታየም። የመጀመሪያ ልጃቸውን በሚወልዱት ግን በልጁ ላይ ከባድ ጉዳት የደረሰው ከ1,000 ወሊድ በ9.3 ሲሆን፣ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ለመውለድ ካቀዱት 5.3 ነበር። ቤት እንወልዳለን ካሉት ከእነዚሁ የመጀመሪያ ልጅ ወላጆች 45 ከመቶው በመሃል ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል።

አሁን ቁጥሮቹን ትታችሁ ማን እንደተቆጠረ እዩ። እነዚህ ስጋት የሌለባቸው እናቶች ናቸው። እህታችሁ ብትሆን ውጤቱ ውስጥ አትገባም ነበር። ደግሞም እዚያ “ቤት” ሲባል የሠለጠነች አዋላጅ መድኃኒቷን ይዛ አጠገቧ አለች፤ ስልክ ሲደወል አምቡላንስ ይመጣል። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ።

ወደ እኛው አገር እንመለስ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተወለዱት 48 ከመቶ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት 26 ነበር። በጣም ጥሩ እድገት ነው፤ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገና ቤት ነበር። ምክንያቱን “አለማወቅ” ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን አልስማማም። ቤት ውስጥ እናት አለች፣ ገንፎ አለ፣ “ማርያም ማርያም” የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። ጤና ተቋም ሄዳ የተጮኸባት ወይም ብቻዋን የተተወች ሴት ሁለተኛ መሄድ ባትፈልግ አይፈረድባትም። ይህን ሳያስተካክሉ እናቶችን መውቀስ የትም አያደርስም።

ሴሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ብለው ጻፉ፦ እንሂድ ብሎ ለመወሰን፣ ለመድረስ፣ ከደረሱ በኋላም ሕክምናውን ለማግኘት። ሁለት ሰዓቱን ለሦስቱ አካፍሉት። ሌሊት ነው፤ ባል ይቀሰቀሳል፣ ሽማግሌ ይጠየቃል፣ መኪና ይፈለጋል፣ ዝናብ ከጣለ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ይሰበሰባል።

አንዱ መፍትሔ መንገዱን ምጡ ከመምጣቱ በፊት መጨረስ ነው። ጉራጌ ውስጥ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የእናቶች ማቆያ ቤት አለው። ስጋት ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ጊዜያቸው ሲቃረብ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ገብተው ይጠብቃሉ። በዚያ ሆስፒታል የ22 ዓመት መዝገብ ላይ የተሠራና በ2010 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ማቆያ ቆይተው ከወለዱት መካከል ከ100,000 ወሊድ 90 ያህል እናቶች መሞታቸውን አሳይቷል። ከቤታቸው በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333። ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው እንዳትሉ! በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው የሚመጡት፤ ሁለቱ ቡድኖች እኩል አይደሉም። ቢሆንም ማቆያው ውስጥ የነበሩት እኮ “ስጋት አለባቸው” ተብለው የተመረጡት ናቸው።

እህታችሁን “አትችይም” ከማለት ይልቅ አብራችኋት ቁጭ በሉና ጠይቁ። ጠባሳው በየት በኩል ነው? ኦፕራሲዮን የሚሠራው ሆስፒታል ከእናታችሁ ቤት ሌሊት ስንት ደቂቃ ነው? ማን ይነዳል? ደም የሚሰጥ ዘመድ አለ? በአቅራቢያዋ ማቆያ ቤት አለ? እናቷ አብራት ማዋለጃ ክፍል እንድትገባ ይፈቀዳል ወይ? ይህን የመጨረሻውን ከምጡ በፊት ሄዳችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ማቆያ ቤት ውስጥ ቡና የሚፈላባቸው፣ ለአራሷም ገንፎ የሚገነፋባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ።