የማድ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር አስተቃቀድ

ቤት የሚያድስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ግድግዳውና ስለ ቆርቆሮው ነው። ሽቦው ከኮርኒስ በላይ ስለሚደበቅ ይረሳል። እኛ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ለአገልግሎት የተመደብን ተማሪዎች ከእናቶች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። «ልጆቼ፣ ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ ለምን ይደክማል?» ይላሉ። ጥያቄው ትልቅ ነው። መብራቱ የሚደክመው ምጣዱና አምፖሉ በአንድ ቀጭን ሽቦ ስለሚጠቀሙ ነው። ሽቦው «ከበደኝ» እያለ ነው ማለት ነው።

ዕቃው ስንት ኮረንቲ ይበላል?

በብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጀርባ ወይም ሥር ትንሽ ጽሑፍ አለ። ማንበብ የቻለ ሰው ይህን ያንብብ። የዋቱ ቁጥር ዕቃው የሚፈልገውን ኃይል ይነግረናል። ጽሑፍ ከሌለው ሠሪውን ወይም ሻጩን እንጠይቅ።

በአገራችን የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ዋቱን ለ220 ብናካፍለው በሽቦው የሚያልፈውን ኮረንቲ በአምፔር እናገኛለን። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ይህም ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ነው። ባለ 2,000 ዋት የውኃ ማፍያ 9 አምፔር፣ ባለ 1,500 ዋት ምድጃ 7 አምፔር ያህል ይበላሉ። ሦስቱ አንድ ላይ ቢሠሩ 32 አምፔር ይሆናል።

ሽቦ ኮረንቲ ሲበዛበት ይግላል። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ላስቲኩ ይቀልጣል፤ ሽቦና ሽቦ ይነካካል። ሰዎች «ኮንታክት» የሚሉት ይህንን ነው። ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ግድግዳው ቺፑድ ከሆነ ደግሞ እሳቱ ቤቱን ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ብሬከር የሽቦ ዘበኛ ነው

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ኮረንቲው ከልክ ሲያልፍ ይወርዳል። አንዳንድ ሰው «እየወረደ አስቸገረኝ» ብሎ በትልቅ ብሬከር ያስቀይረዋል። ይህ ውሻው ጮኸብኝ ብሎ ሌባ በሚመጣበት ሌሊት ውሻን እንደ ማሰር ነው። ሽቦው ሳይወፍር ብሬከሩ ቢተልቅ፣ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ይቃጠላል።

ታዲያ እንዴት እናቅድ?

አንደኛ፣ መብራቶች የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ለዚህ 1.5 ሽቦና 10 አምፔር ብሬከር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ለማድ ቤቱ ሶኬቶች ሌላ መስመር ይዘርጋ። ሽቦው 2.5፣ ብሬከሩ 16 አምፔር ይሁን። ማፍያና ምድጃ በአንድ ጊዜ ቢሰኩ 16 አምፔር ሞላ፤ ሌላ ከባድ ዕቃ አይጨመርበት።

ሦስተኛ፣ ምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ መስመር ለብቻው ያግኝ። ሽቦው 4፣ ብሬከሩ 20 አምፔር ይሁን። እንጀራ ጋገራ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ተራ ሶኬት ይግላል፣ ይጠቁራል። ስለዚህ ለከባድ ኃይል የተሠራ ሶኬትና ማጥፊያ ይደረግለት። ምጣድ በዲቫይደር ፈጽሞ አይሰካም።

አራተኛ፣ ሶኬት ከውኃ ቧንቧና ከባልዲ ይራቅ። ከምጣዱ በላይም አይሁን፤ አክንባሎው ሲነሣ የሚወጣው እንፋሎት ይገባበታል። ሽቦው አይጥ እንዳይበላው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

አምስተኛ፣ የመሬት ሽቦ አይቅር። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሦስተኛው ሽቦ ይህ ነው። ኮረንቲ ያለበት ሽቦ ተልጦ የምጣዱን ብረት ቢነካ፣ በትክክል የተሠራ የመሬት ሽቦ ኮረንቲውን ይወስደዋል፤ ብሬከሩም ይወርዳል። የመሬት ሽቦ ከሌለ ግን ብረቱ ኮረንቲ ይዞ ይጠብቃል። እጇ በሊጥ የራሰ እናት ባዶ እግሯን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ብትነካው፣ ኮረንቲው ወደ መሬት የሚሄደው በእሷ አካል ነው። በዚህ ሰው ይሞታል። ገንዘብ ቢያጥር ከሌላው ይቀነስ እንጂ ከመሬት ሽቦ አይቀነስም። አቅም ያለው ደግሞ ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያጠፋውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ይጨምር።

ማን ይሥራው?

ዕቅዱን ቤተሰቡ ራሱ በወረቀት ሊያወጣው ይችላል። ምጣዱ የት ይቀመጥ፣ ሶኬቱ የት ይሁን የሚለውን ከጋጋሪዋ በላይ የሚያውቅ የለም። ሽቦውን የሚያገናኘው ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን። ቆጣሪውንና ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን መስመር የሚነካው ብዙዎች እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚሉት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ጎረቤታሞች ደግሞ ተነጋግረው በተራ ይጋግሩ። ሁሉም ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ፣ የአንዱ ቤት ሽቦ ቢያምር እንኳ የጋራው መስመር አይችለውም።

ወፍራም ሽቦ ከቀጭኑ ይወደዳል። ቢሆንም ሽቦ የሚዘረጋው አንድ ጊዜ ነው፤ እንጀራ የሚጋገረው ግን በየሳምንቱ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ያለው ምጣድ ስንት ዋት ነው? ለ220 አካፍሉና አምፔሩን አግኙ።
2. ብሬከሩ ደጋግሞ ቢወርድ በትልቅ መቀየር ለምን አይገባም?
3. የመሬት ሽቦ የሚጠብቀው ማንን ነው?