ኮርስና ማውንቴን፤ በሁለቱ የቢስክሌት ጋላቢዎች መካከል ስላለው ፉክክርና ስለ ቀወት መንገዶች

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ኮርስ የሚባለውን ባለ ቀጭን ጎማ ቢስክሌትና ማውንቴን የሚባለውን ባለ ወፍራም ጎማ ቢስክሌት በሚጋልቡ ሰዎች መካከል ያለውን ፉክክርና የአስተያየት ልዩነት ነው። ለአንዳንድ አንባቢ ነገሩ ተራ የጨዋታ ጉዳይ መስሎ ሊታየው ይችላል። እኛ ግን ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ፥ ወደ አገራችን ሲገባም ለምን መልኩን እንደ ለወጠ መመርመሩ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል። ለምሳሌነት የወሰድነው በይፋት ቆላ የሚገኘውን የቀወትን ወረዳ ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር አስፋልቱና አስፋልት ያልሆነው መሬት ጎን ለጎን ሆነው በግልጥ ስለሚታዩ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ማለት ይገባል። የኮርስ ጎማ ስፋቱ ባብዛኛው ከ25 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ከ5 እስከ 7 ባር በሚደርስ ግፊት ተነፍቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የማውንቴን ጎማ ግን ከ55 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ግፊቱም 2 ባር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ጠጠሩን እየዋጠ ያልፋል። ኮርሱ ቀላል ነው፤ እንዲያውም በ1900 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቢስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚቀርብ ኮርስ ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳይቀልል እስከ መከልከል ደርሷል። ማውንቴኑ ይከብዳል፤ በርካሽ ዋጋ የሚሸጠውማ 15 ኪሎ ግራም ያልፋል።

ይሁን እንጂ የጠባዩን ልዩነት ያመጣው ጎማው ሳይሆን ነፋሱ ነው ብለን እናምናለን። በአስፋልት ላይ በፍጥነት የሚሄድ ጋላቢ ከሁሉ የሚበልጠውን ጉልበት የሚያወጣው አየሩን ለመግፋት ነው። በሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ግን ከጉልበቱ እስከ ሲሶ የሚደርሰውን ሊቈጥብ ይችላል። ስለዚህ የኮርስ ውድድር የመንጋ ውድድር ነው። መሪ አለ፥ ለመሪው ነፋስ የሚከላከል አለ፥ ውኃ የሚያመላልስ አለ፥ ጎማ ሲፈነዳ ሌላ ጎማ ይዞ ከኋላ የሚከተል መኪና አለ። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው ዲሲፕሊንን፥ ተራን መጠበቅንና መታዘዝን ያከብራል። በጥሻና በገደል የሚሄደው ማውንቴን ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ የሰው ጀርባ ብዙ አይጠቅመውም፤ መንገዱም ጠባብ ነውና ሁሉም ለየራሱ ነው። ቀድሞ በነበረው ደንብም ተወዳዳሪው ከውጭ ርዳታ ሳይቀበል የተበላሸውን ራሱ መጠገን ነበረበት። እንግዲህ የኮርሱ ሰው ማውንቴነኛውን ሥርዓት የለሽ ሲለው፥ ማውንቴነኛውም የኮርሱን ሰው ያለ አጃቢ መንቀሳቀስ የማይችል ቅምጥል ሲለው፥ ሁለቱም የሚናገሩት እያንዳንዱ መሬት ስለሚጠይቀው ጠባይ ነው።

የሚገርመው ግን ማውንቴንን የወለዱት የኮርስ ሰዎች መሆናቸው ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በካሊፎርንያ በታማልፓይስ ተራራ አጠገብ የሚኖሩ ጥቂት የመንገድ ተወዳዳሪዎች አሮጌና ከባድ ቢስክሌቶችን እየፈለጉ በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ከ1976 ጀምሮም ሪፓክ የተባለውን ውድድር አደረጉ። ስሙ የመጣው በአንድ ቁልቁለት ብቻ የኋላው ፍሬን ግሎ ግራሱ ስለሚቃጠልና እንደ ገና መሙላት ስለሚያስፈልግ ነው። ከእነርሱ አንዱ ጌሪ ፊሸር በ1968 ጸጉሩ ረዘመ ተብሎ ከመንገድ ውድድር ታግዶ የነበረ ሰው ነው። ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ይገልጣል፤ አንዱ ወገን ደንብ ሲያጠብቅ ሌላው ወደ ተራራ ወጣ። ሆኖም ጥርጊያው ቆይቶ ደንብ ገባለት። ዓለም አቀፉ ማኅበር በ1990 የማውንቴንን የዓለም ሻምፒዮና አደረገ፤ በ1996ም በአትላንታ ኦሊምፒክ ገባ። ዛሬ በውጭ አገር ፉክክሩ ባብዛኛው ቀልድ ሆኗል። በማውንቴን የዓለም ዋንጫ ያሸነፈው አውስትራልያዊው ካዴል ኤቫንስ በ2011 የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ሲሆን፥ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክም ሁለት ጊዜ በማውንቴን የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዶ በመንገድም ይወዳደራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ለእኛ ቢስክሌት ማለት ከመጀመሪያው የአስፋልት ውድድር ነበር። የጣልያኖች ልማድ በአሥመራ ሥር ሰዶ በ1946 የኤርትራ ዙርያ ውድድር ተጀመረ፤ ኮርስ የምንለውም ስም ከጣልያንኛው «ኮርሳ» ከእሽቅድምድም ጋር የተዛመደ ነው። በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ወደ ሜልቦርን የላከችው የሯጮችና የቢስክሌት ቡድን ብቻ ነበር፤ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ጋላቢዎች ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ከትግራይ የተነሣው ጽጋቡ ግርማይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ ሁሉ የኮርስ ክብር ነው።

ማውንቴን በኋላ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ጠበቀው። በገበያ ማርሽ ያለው ወፍራም ጎማ ቢስክሌት ሁሉ፥ ተራራ አይቶ የማያውቀውም ጭምር፥ ማውንቴን ተባለ። በውድድርም ኮርስና ማውንቴን ተብሎ በሁለት ተከፈለ፤ ነገር ግን የማውንቴኑ ውድድር ብዙውን ጊዜ የሚደረገው በዚያው በአስፋልት፥ በከተማው አደባባይ ዙርያ ነው። በሌላ አነጋገር ማውንቴን በእኛ ዘንድ የመሬት ስም መሆኑ ቀርቶ የማዕርግ ስም ሆኗል። ጀማሪው በማውንቴን ይጀምራል፤ የተሻለው ወደ ኮርስ ያድጋል። ስለዚህ የእኛ ኮርሰኛ ማውንቴነኛውን የሚያየው እንደ ሌላ ዓይነት ስፖርተኛ ሳይሆን ገና እንዳልደረሰ ደቀ መዝሙር ነው። ማውንቴነኛውም በበኩሉ ኮርሰኛው የበለጠው በገንዘብ እንጂ በእግር አይደለም ብሎ ያጉረመርማል። ቅሬታው በከንቱ አይደለም፤ ደኅና ኮርስ የሚገዛበት ዋጋ ለገበሬ ልጅ የማይታሰብ ነው፥ መለዋወጫውም ከከተማ ውጭ አይገኝም።

አሁን ወደ ቀወት እንውረድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣልያን በወረራው ዘመን በሠራው የጣርማ በር ዋሻ ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነሥቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ 1,300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ይደርሳል። ለኮርስ ሰው ይህ ቁልቁለት፥ ይልቁንም ሲመለስ ዳገቱ፥ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በፈረንሳይ ዝነኛ የሆነው የአልፕ ዱዌዝ ዳገት በጣም ቢያዘነብልም ጠቅላላ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን አስፋልቱ አንድ ነው፤ እሱንም ወደ ወሎና ወደ ሰሜን የሚመላለሰው ከባድ መኪናና አውቶቡስ ይዞታል። በጠማማው ላይ ቢስክሌተኛ ለጭነት መኪና መንገድ የሚለቅበት ትርፍ ቦታ ጥቂት ነው። ዳገቱን እያደነቅን ልጆቻችንን በዚያ ላይ እንዲለማመዱ ለመምከር አንደፍርም።

ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ግን አገሩ በሙሉ የማውንቴን ነው። ወደ ማሽላውና ወደ ማሾው እርሻ፥ ሽንኩርት ወደሚለማባቸው መስኖዎች የሚያደርሱት መንገዶች ጠጠር፥ አሸዋና ጥቁር አፈር ናቸው። የሮቢ ወንዝ በበጋ ሲጎድል ድንጋይና አሸዋ ያለበት ሰፊ ወለል ይተዋል። በቆላው የግራር እሾኽ ምን ያህል ጠንካራ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ያውቃል፤ ወፍራሙም ጎማ ቢሆን አልፎ አልፎ ይበሳል፥ ቀጭኑማ ከአስፋልት ወርዶ ሩቅ አይሄድም። እንግዲህ በዚህ አገር ጀሪካን ወይም ከረጢት ጭኖ ከቀበሌ ወደ ከተማ የሚመላለስ ወጣት ኮርሰኛው በሜዳ የማያገኘውን ችሎታ በየቀኑ ይማራል፤ በአሸዋ ላይ ሚዛን መጠበቅን፥ በገደል ጫፍ ፍሬን መያዝን፥ ጎማ ራሱ መለጠፍን። ሆኖም ይህ ወጣት ስፖርተኛ ልሁን ቢል የሚጠየቀው ይህን ችሎታ እንዲያሳይ ሳይሆን በማያውቀው አስፋልት ላይ በማውንቴን ከተማ እንዲዞር፥ ከዚያም ሊገዛው የማይችለውን ኮርስ እንዲያገኝ ነው። ጥቅሙ የሚጎድለው ለወጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከ1996 ጀምሮ በኦሊምፒክ ያለ፥ ለመሬታችንም የተስማማ ስፖርት በአገራችን በስሙ እንጂ በመልኩ ሳይታወቅ ቀርቷል።

ኮርሰኞች በአንድ ነገር ትክክል መሆናቸውን አንክድም። በመንጋ መሄድ ማወቅ፥ ጉልበት መመጠን፥ ልምምድን በሰዓት መከታተል ማውንቴነኛውም ሊማረው የሚገባ ነው፤ ካሊፎርንያውያኑም ተራራውን ያሸነፉት በመንገድ ውድድር በገነቡት እግር ነበር። የምንቃወመው አንዱን የሌላው ዝቅተኛ ደረጃ አድርጎ መቍጠሩን ነው።

የማውንቴን ውድድር የሚጠይቀውም ብዙ አይደለም። በዓለም አቀፉ ልማድ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙርያ ተመርጦ ደጋግሞ ይዞራል እንጂ መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ አይዘጋም። በሮቢ ዳርና ወደ ምዕራቡ ተራራ ግርጌ በሚያመሩት ኮረብታዎች ላይ እንዲህ ያለውን ዙርያ በኖራ ምልክት አድርጎ ማዘጋጀት የሚቻል ይመስለናል፤ ከገበሬዎቹ ጋር ስለ ማሳቸው አስቀድሞ መነጋገር ግን የግድ ነው። ወቅቱም ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ፥ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆን ይሻላል። በክረምት ወንዙ ይሞላል፤ ጥቁሩም አፈር በጎማና በፍሬኑ መካከል ተጠቅጥቆ ቢስክሌቱን ጋላቢው እንዲሸከመው ያደርጋል።