ክሩን ሳትቋጥሩ ጀምሩት

በእጅ የተጠለፈ ቀሚስ ስትመርጡ መጀመሪያ ገልብጣችሁ እዩት። ፊቱንማ ሻጩም ያሳያችኋል፤ የጠላፊዋ ሙያ የሚታወቀው በጀርባው ነው። በተለይ ጥልፉ መስቀለኛ ስፌት ከሆነ ቋጠሮ ፈልጉ።

ቋጠሮ ምን ያደርጋል? ሸማ በእጅ የተሸመነ፣ ሳሳ ያለ ልብስ ነው። ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ከሳባችሁ ቋጠሮው በድሩና በማጉ መካከል ሾልኮ ወደ ፊት ይወጣል፤ ያን ጊዜ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት መስቀሎች ይላላሉ። ሳይሾልክ ቢቀርም ሲተኮስ ፊቱ ላይ ጉብ ይላል። ባለ 14 ቀዳዳ በሚባለው የጥልፍ ጨርቅ ላይ አንድ መስቀል 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንሿም ጉብታ ትታያለች። እንደ ቆቦ ባለ ሞቃት ቆላ ደግሞ ልብስ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ ይታሻል፤ ቋጠሮ በመታሸት ብዛት ይፈታል፣ ላብ ያረሰውንም ገላ ይከረክራል።

ታዲያ ክሩ በምን ይያዛል? በራሱ ስፌት! የእኛ እናቶች ይህን በሌላ ሙያ ጠንቅቀው ያውቁታል። ፈታይ ክሩ ሲበጠስባት ጫፉን ከባዘቶው ጋር ደርባ እንዝርቱን ታሾረዋለች እንጂ አትቋጥርም። መሶብ የምትሰፋዋም አዲስ አለላ ስትጨምር ጫፉን ጥቅልሉ ውስጥ ከትታ ትሰፋበታለች።

በጣም የምወደው ዘዴ የቀለበቱ ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠልፍበት ክር፣ እ.ኤ.አ. በ1746 በሙሉዝ ከተማ የተመሠረተው የፈረንሳዩ ዲኤምሲም ሆነ ሌላው፣ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው የተሠራ ነው። ሁለት ክንድ ያህል ቁረጡና ከስድስቱ አንዷን ብቻ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ምዘዙ። የቀሩት አምስቱ ይሰበሰቡና የተወሳሰቡ ይመስላሉ፤ አትደንግጡ፣ ስትለቋቸው ይዘረጋሉ። የመዘዛችኋትን ክር ለሁለት እጠፉና ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ በመርፌው ዓይን አስገቡ። በወዲያኛው በኩል ቀለበት ቀረላችሁ ማለት ነው።

አሁን መርፌውን ከጀርባ ወደ ፊት አውጡት፤ ቀለበቱ ግን ተስቦ እንዳይወጣ ጀርባ ላይ በጣት ያዙት። የመጀመሪያውን ሰያፍ ስፌት ሰፍታችሁ ወደ ጀርባ ስትመለሱ መርፌውን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ቀለበቱ ጨርቁ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል። ቋጠሮ የለም፣ የተንጠለጠለ ጫፍም የለም! ይህን መጀመሪያ ያየ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ሳይሞክረው አይቀርም።

ዘዴው የሚሠራው ግን በሁለት፣ በአራት ወይም በስድስት ክር ስትጠልፉ ነው፤ በነጠላ ወይም በሦስት ክር አይሆንም። ቀለሙ እየተለዋወጠ የሚሄድ ክርም ሲታጠፍ ሁለቱ ግማሾች የተለያየ ቀለም ይዘው ይመጣሉ፤ ለእሱም አይመከርም።

ቀለበቱ በማይሆንበት ጊዜ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጫፍ ከጀርባ አስቀሩና ስፌቱ በሚሄድበት አቅጣጫ በጣት ይዛችሁ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ስፌቶች በላዩ ላይ ስፉበት። በየስፌቱ ጀርባውን ገልብጣችሁ ጫፉ መያዙን እዩ። ለሳሳ ሸማ እኔ ይህንኑ እመርጣለሁ፤ ቀለበቱ ጠብቆ ከተሳበ ጨርቁን ሊያጨማድደው ይችላል፣ ጫፍ ግን አያስጨንቀውም።

ክሩ ሲያልቅም ያው ነው፦ መርፌውን ከጀርባ በአራት አምስት ስፌቶች ሥር አሳልፉና ጠጋ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጥቁር ወይም ቀይ ክር ከሆነ ግን በዚያው ቀለም ስፌት ሥር ይለፍ፤ በነጭ ስፌት ሥር ወይም በባዶው ሸማ ጀርባ ካለፈ ፀሐይ ላይ ጥላው ከፊት በኩል ይታያል።